ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ ድንጋያማ ተዳፋት፦ ድንጋዩን ልልቀመው ወይስ ልተወው?

የዋግ ልጅ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ በሚገኝ ተራራ ጎን ላይ ከአባቴ የወረስኋት ግማሽ ሄክታር የማትሞላ መሬት አለችኝ። ከፍታዋ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ ተዳፋቷም ሽቅብ ሲወጡት ያለከልካል። አፈሩ ቡናማ ሆኖ በጠጠርና ጡጫ በሚያህል ጥቁር ድንጋይ የተሞላ፣ የአገሬ ሰው ጭንጫ የሚለው ዓይነት ነው። በላይኛው በኩል አባቴ ገብስና ጤፍ ይዘራበት ነበር፤ የታችኛው ክፍል ግን ከድሮም ታርሶ አያውቅም፤ ደደሆ፣ ክትክታና ሁለት ያረጁ የወይራ ዛፎች አሉበት።

ግራ ያጋቡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ውሃን በደንብ የሚያሳልፍ አፈር ለተክል መልካም እንደሆነ ከተማሪነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ። የእኔ መሬት በዚህ በኩል የሚወዳደረው የለም፤ ከባድ ዝናብ እንዳባራ ጫማዬ ጭቃ ሳይዝ እመላለስበታለሁ። ሆኖም ባለፈው ነሐሴ አጋማሽ ከተከልኋቸው 60 የወይራና የግራር ችግኞች ውስጥ እስከ ጥቅምት መጨረሻ የቆዩት 9 ብቻ ናቸው። ሁለተኛው የድንጋዩ ጉዳይ ነው። ጎረቤቶቼ ድንጋዩን ለቅሜ መሬቱን እንዳጸዳ ይመክሩኛል፤ አጎቴ ደግሞ ድንጋዩ ከተነሣ መሬቱ ይራቆታል ብሎ አጥብቆ ይከለክለኛል። ሁለቱም ወገኖች ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰዎች ስለሆኑ የማንን ቃል ልስማ? ምክንያቱን አስረድታችሁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

አፈር ቆፋሪ

ወንድሜ፣ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ ሥራቸው አንድ ነው። በአፈር ጥናት ሥራ ላይ ረጅም ዓመታት ስቆይ ደጋግሜ ያየሁት ችግር ውሃን ማሳለፍና ውሃን መያዝ የተለያዩ ባሕርያት ሆነው ሳለ እንደ አንድ ነገር እየተቆጠሩ ሰውን ማሳሳታቸው ነው። አፈር ትልልቅና ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉት። ዝናብ ሲያባራ ትልልቆቹ ቀዳዳዎች የያዙትን ውሃ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ታች ይለቃሉ፤ ቦታውን አየር ይወርሰዋል፤ ሥርም ይተነፍሳል። መረሬ በሚባለው ጥቁር ጭቃ መሬት ላይ ይህ ስለማይሆን ውሃው ተኝቶ ሥር ያፍናል፤ መጻሕፍቱ በደንብ የሚያሳልፍ አፈርን የሚያወድሱት በዚህ ምክንያት ነው። ተክሉ በሚቀጥሉት ሳምንታት የሚጠጣው ውሃ ግን በደቃቆቹ ቀዳዳዎች ውስጥ ተጣብቆ የቀረው ብቻ ነው። የእርስዎ መሬት የመጀመሪያውን ሥራ በሚገባ ይሠራል፤ የሚቸግረው ሁለተኛው ነው።

ምን ያህል እንደሚቸግረው በቁጥር ላሳይዎት። በአፈር ጥናት ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ቅንጣት ሁሉ እንደ ጠጠርና ድንጋይ ይቆጠራል፤ ከዚያ በታች ያለው ደቃቁ አፈር ነው። ደቃቁ አፈር መካከለኛ ጥራት ያለው ከሆነ በ1 ሜትር ጥልቀት ተክል ሊጠጣው የሚችል 150 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይይዛል (1 ሚሊ ሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው)። ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ድንጋይ ግን የሚይዘው ውሃ ከምንም አይቆጠርም። እንግዲህ አለቱ በ30 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚገኝና ከመጠኑ ግማሹ ድንጋይ የሆነ መሬት በሥራ ላይ የሚውለው ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው፤ ጠግቦ ሲጠጣም የሚይዘው ከ22 እስከ 23 ሚሊ ሜትር ነው። በፀሐያማ ቀን አንድ ማሳ ሰብል ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጣ ያ ሁሉ ስንቅ አንድ ሳምንት አይሞላም። በጭንጫ ላይ የወደቀ ዘር ፈጥኖ በቅሎ ፈጥኖ የሚጠወልገውም ስለዚህ ነው፤ ስስ አፈር ቶሎ ይሞቃል፣ አየርም አያጣም፣ ስለዚህ ዘሩን ያፈጥነዋል፤ ስንቁ ግን የለውም።

እንዲህ ያለው ስስ አፈር በዓለም አቀፉ የአፈር አመዳደብ ሌፕቶሶል ይባላል። መለኪያው አለቱ ከላይ ከ25 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ላይ መጀመሩ፣ ወይም እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ድረስ ደቃቁ አፈር ከመጠኑ ከ20 በመቶ በታች መሆኑ ነው። በምድር ላይ ከ1.6 ቢሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍን፣ በስፋቱ ቀዳሚ የሆነ የአፈር ክፍል ስለሆነ የእርስዎ ችግር የብቻዎ አይደለም።

ወደ ድንጋዩ ስመጣ፣ ጎረቤቶችዎም አጎትዎም ልክ ናቸው፤ ልዩነቱ የሚያወሩት ስለ ተለያየ ድንጋይ መሆኑ ነው። ላዩ ላይ ልቅ ሆኖ የተቀመጠ ድንጋይ የዝናቡን ጠብታ በጀርባው ይቀበላል፤ ከሥሩ ያለው አፈር ስለማይደቆስ ቀዳዳዎቹ ሳይደፈኑ ይቆያሉ፤ ጎርፉም በየድንጋዩ እየተሰናከለ ይዘገያል፤ ፀሐዩም አፈሩን በቀጥታ አያገኘውም። ቀትር ላይ አንድ ልቅ ድንጋይ ገልበጥ አድርገው ከሥሩ ይዳስሱ፤ ዝናብ ካቆመ ሳምንት ቢሆነው እንኳ አፈሩ ቀዝቃዛና ጠቆር ያለ፣ ብዙ ጊዜም ነጭ የሣር ሥር የተኛበት ሆኖ ያገኙታል። በደረቀ የአፈር ቅርፊት ውስጥ ግማሽ አካሉ ተነክሮ የተጣበቀ ድንጋይ ግን ሥራው ተቃራኒ ነው፤ እንደ ተነጠፈ ጡብ ሆኖ ውሃውን ወደ ታች ያንሸራትታል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከብት አብዝቶ በረገጠው ተዳፋት ላይ ነው። ሦስተኛው በአፈሩ ውስጥ የተቀበረው ድንጋይ ነው፤ እሱ ከላይ እንዳልኩት የስንቁን ቦታ ይይዛል፤ ነገር ግን በጎኑ የሚተወው ክፍተት ውሃ ወደ ጥልቁ የሚወርድበት መንገድ ይሆናል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልበል፤ ተዳፋቱ ወደየት እንደሚያይ አልነገሩንም። ሰቆጣ ላይ በሰኔ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በትንሹ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በበጋው ግን፣ በተለይ በታኅሣሥ፣ ከአናት በደቡብ በኩል 36 ዲግሪ ያህል ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ደቡብን የሚያይ ጎን በጋውን ሙሉ ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል፤ ያው አፈር በሰሜኑ ጎን ቢሆን እርጥበቱ የተሻለ ይቆያል።

ለማንኛውም በግምት አይሂዱ። 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ አለት እስኪያገኙ ድረስ ይቆፍሩ፤ የወጣውን ሁሉ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይንፉ፤ የቀረውን ድንጋይ እስከ አፉ በሞላ የውሃ ባልዲ ውስጥ በጥንቃቄ እየጨመሩ የፈሰሰውን ውሃ በሊትር ይለኩ። የፈሰሰው ውሃ የድንጋዩ መጠን ነው።

ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ

ልጄ፣ ከላይ የጻፈልህ ሰው በትክክል አስረድቷል፤ እኔ የምጨምረው በእጄ የሠራሁትን ነው። አጎትህን ስማ፤ ነገር ግን ጡጫ ከሚያህል በላይ የሆነውን፣ ማረሻ የሚያነክሰውን ድንጋይ ልቀመውና ካብ ሥራበት። ከዚያ ያነሰውን ጠጠር አትንካ። በወጣትነቴ በአንድ ወረዳ ስንሠራ ማሳው ያምር ዘንድ ጠጠሩን ሁሉ አስለቅመን በድንበር ላይ አስከምረን ነበር፤ በመጀመሪያው ክረምት ጎርፉ በየቦታው ጣት የሚያህል ቦይ ቀደደበት፤ ገበሬዎቹ በሁለተኛው ዓመት ያንኑ ጠጠር በቁና መልሰው በተኑት። ያዘዝናቸው እኛ ስለነበርን ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ካብ ስትሠራ ዓይንህን አትመን፤ በገመድና በውሃ ልክ እየለካህ ከፍታው እኩል በሆነ መስመር ላይ ሂድ። ካቡ በአንድ በኩል ዝቅ ካለ ውሃው ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ይደረምሰዋል። በሌላ ቦታ የተለመደው አፈር ቆፍሮ ሽቅብ የመከመር ዘዴ ላንተ መሬት አይሆንም፤ የሚቆፈር አፈር የለህምና። ያንተ የድንጋይ ካብ ነው። መሠረቱን አለቱ ድረስ አውርደው፤ ትልልቁን ድንጋይ ከሥር አድርግ፤ ፊቱን ወደ ተራራው በኩል ጥቂት አስተኛው፤ በላይኛው ጎኑ ደግሞ ደቃቅ ጠጠር ሙላበት። እንዲህ ከሆነ ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ይሾልካል፣ አፈሩ ግን ይቀራል። በትግራይ በደጉዓ ተምቤን አካባቢ በተደረገ ልኬት የድንጋይ ካብ በጎርፍ የሚታጠበውን አፈር በአማካይ በ68 በመቶ ቀንሷል፤ እኔም በዓይኔ ያየሁት ከዚህ የራቀ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሳትሰማ እንዳትቀር። ካቡ ከተሠራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማሳህ አንድ ዓይነት መሆኑ ይቀራል። ከካቡ ጀርባ፣ በላይኛው በኩል፣ የተቀመጠው አፈር ጥልቅና እርጥብ ይሆናል፤ ከላይኛው ካብ እግር ሥር ያለው ደግሞ እየታጠበና እየታረሰ ይሳሳል። ብዙ ገበሬ ይህን አይቶ ካቡ መሬቴን ገደለብኝ ይላል። መፍትሔው ፍግና ኮምፖስት የሳሳው ቦታ ላይ ማብዛት፣ ዛፍህን ደግሞ ከካቡ ጀርባ ባለው ጥልቅ አፈር ላይ መትከል ነው። ኮንሶ ሄጄ የአባቶቻቸውን እርከን ባየሁ ጊዜ የገባኝ ይህ ነበር፤ ከ400 ዓመት በላይ በትውልድ ቅብብሎሽ የተሠራው ያ ካብ በአንዳንድ ቦታ ቁመቱ 5 ሜትር ይደርሳል፤ በየዓመቱ የፈረሰውን እየጠገኑ አፈሩን እዚያው ተራራው ላይ አቆይተውታል። በ2011 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ያንተው ካብ በመጀመሪያው ዓመት ጉልበት ድረስ ቢሆን ይበቃል፤ አፈሩ ሲሞላ ትጨምርበታለህ።

የችግኝ ሰው ከቆቦ

ወንድሜ፣ እኔ በችግኝ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ የምመልሰው ስለሞቱት ችግኞች ብቻ ነው፤ እውነት ለመናገር 51 ችግኝ መሞቱን ሳነብ አዝኛለሁ። ትልቁ ጥፋት ቀኑ ላይ ይመስለኛል። በእናንተ በኩል ክረምቱ በሰኔ መጨረሻ ገብቶ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም መጀመሪያ ይወጣል። በነሐሴ አጋማሽ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ለመላክ የሚያገኘው ሦስት ሳምንት ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ ስስ አፈር በሳምንት ውስጥ ስንቁን ይጨርስበታል። መሬቱ ወደ ውስጥ አንድ ክንድ ያህል መራሱን ቆፍረው እንዳረጋገጡ፣ በሐምሌ መጀመሪያ መትከል አለብዎት። ችግኙ የዘገየው ከሚያድሉት ቢሮ ከሆነ፣ ይህ በብዙ ቦታ የሚያጋጥም ነውና፣ ዘግይቶ የመጣውን ችግኝ ከመትከል ይልቅ ጥላ ሥር አቆይቶ ለሚቀጥለው ክረምት ማድረስ ይሻላል።

ሁለተኛው የሥሩ ሁኔታ ነው። በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ብዙ የቆየ ችግኝ ሥሩ ከታች ተጠምዝዞ ይገኛል። ከረጢቱን ሲቀድዱ የተጠመዘዘውን ጫፍ በስለት ካልቆረጡት ሥሩ ጉድጓዱ ውስጥም እየዞረ ይኖራል፤ በጭንጫ መሬት ላይ የሚተርፈው ደግሞ ወደ ታች የሚወርድ ሥር ያለው ብቻ ነው። ከመትከልዎ በፊት አንድ ወር ያህል ውሃውን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ችግኙን ያለማምዱት፤ ቅጠሉ የለመለመ ሳይሆን ግንዱ የጠነከረ ችግኝ ይምረጡ።

ደደሆውንና ክትክታውን እባክዎን አይመንጥሩ። ወይራ በተፈጥሮው የሚበቅለው ከቁጥቋጦ ሥር ነው፤ ወፎች ፍሬውን በልተው እዚያ ላይ ሲያርፉ ዘሩን ይጥሉታል፤ ቁጥቋጦውም ከፀሐይና ከፍየል ይጋርደዋል። እርስዎም ይህንኑ ይከተሉ፤ ችግኙን ከደደሆው ጥላ ጠርዝ ላይ ይትከሉት። ገላጣ ቦታ ላይ ከሆነ ግን ከታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የድንጋይ ክትር ይሥሩለት። ከበላዩ 6 ካሬ ሜትር መሬት ውሃውን ቢልክለትና 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ግማሹ ብቻ ቢደርሰው እንኳ 30 ሊትር ነው። ባሕር ዛፍ ለመትከል አስበው ከሆነ ይተዉት፤ እንዲህ ባለው ስስ አፈር ላይ ከጎኑ ያለውን ሣርና ሰብል ውሃ ይሻማል። በካቡ ዳር እሬት ቢተክሉ ይይዛል፤ ፍየልም አይነካውም።

የዋግ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጋሼ፣ ስለ ካቡ የሰጡኝ ምክር ገብቶኛል፤ እህቴም ስለ ቀኑ ያልሽው እውነት ነው፣ ችግኞቹ የደረሱኝ በነሐሴ 8 ነበር። ከታኅሣሥ መጀመሪያ አንሥቶ የታዘዝሁትን ሠርቻለሁና ያገኘሁትን ላቅርብ።

በታረሰው ክፍል ላይ የቆፈርሁት ጉድጓድ በ28 ሴንቲ ሜትር ላይ አለት አገኘ። ከወጣው 45 ሊትር ገደማ ውስጥ ድንጋዩ 18 ሊትር ሆነ። መሬቱ ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያደረገ ነው።

ከዚያ የተረፉትን 9 ችግኞች አንድ በአንድ ሄጄ አየኋቸው። አምስቱ ከትልልቅ ድንጋዮች ጥግ የተጠጉ ናቸው፤ ሁለቱ ሳላስበው ከደደሆ ሥር የተከልኋቸው ሆነው ተገኙ፤ ገላጣ ላይ የቆሙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቅጠላቸው ከጫፉ ደርቋል። እኔ ግን ስተክል ድንጋይ የሌለበትን ቦታ እየፈለግሁ ነበር የምደክመው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ከአሮጌው ወይራ አጠገብ፣ በስተታች በኩል፣ መቆፈር ጀምሬ በ20 ሴንቲ ሜትር ላይ አለት አገኘሁ። ዛፉ በምን ቆሞ እንደኖረ ግራ ገብቶኝ አፈሩን በመጥረጊያ ስጠርገው አለቱ ሁለት ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍሎ አየሁ፤ አውራ ጣት የሚያህል ሥር ወደዚያ ስንጥቅ ገብቶ ተሰውሯል። በእንጨት ጫፍ ከውስጡ ያወጣሁት አፈር ጥቁር ነበር፤ በመዳፌ ጨብጬ ስለቀው ቅርጹን ይዞ ቀረ። ዝናብ ካቆመ ሦስት ወር አልፎታል። ይህን ዓይነቱን ስንጥቅ ከላይ ሆኖ ማግኘት ይቻላል?

አፈር ቆፋሪ

ወንድሜ፣ ይህን የመሰለ ትዝብት በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። ጉድጓድዎን እንመልከተው፤ ድንጋዩ 40 በመቶ ስለሆነ 28 ሴንቲ ሜትሩ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ስንቁም 25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በስያሜ ረገድ ከ25 ሴንቲ ሜትር በ3 ስለበለጠ በዚያ ቦታ ሌፕቶሶል አይባልም፤ ከወይራው አጠገብ ያለው 20 ሴንቲ ሜትር ግን ይባላል። በአንድ ተዳፋት ላይ፣ በጥቂት እርምጃ ልዩነት፣ ስሙ ይቀያየራል፤ ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ብቻ መላውን መሬት መፍረድ አይገባም።

ስለ ስንጥቁ ያዩት ነገር የእነዚህ ተራሮች ምሥጢር ነው ብል አላጋነንሁም። በደንብ የሚያሳልፈው አፈር ያሳለፈው ውሃ ጠፍቶ አልቀረም፤ ከፊሉ በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ከታጠበ ደቃቅ አፈር ጋር ተቀምጧል፤ ፀሐይም ነፋስም አይደርስበትም። ሰብል እዚያ መድረስ አይችልም፤ ወይራና ግራር ግን ይደርሳሉ። የእርስዎ ተግባር ችግኙ እዚያ እስኪደርስ ድረስ ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት በጋዎች ማሻገር ነው። ከትልቅ ድንጋይ ጥግ ያሉት የተረፉትም በዚሁ ነው፤ 1 ካሬ ሜትር የድንጋይ ጀርባ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት 10 ሊትር ያህሉን ወደ ጥጉ ያወርዳል፤ ቀትር ላይም ጥላ ይሰጣል። ደቡብ ምሥራቅን ለሚያይ መሬት ከድንጋዩ በስተሰሜን ያለው ጥግ በበጋ የተሻለ ነው።

ስንጥቁን ለማግኘት የጣት ውፍረት ያለውና አንድ ሜትር የሚረዝም ብረት ያዘጋጁ፤ አፈሩ ገና እርጥብ በሆነበት በሐምሌ መጀመሪያ፣ በየግማሽ ሜትሩ በመዶሻ እየመቱ ያስገቡት። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይነት ጥልቀት ጠጣር ድምፅ እየሰጠ ይቆማል፤ ስንጥቅ ባለበት ግን ሳይታሰብ ጠለቅ ብሎ ይገባል። እዚያ ላይ ምልክት አድርገው ጉድጓዱን በዚያው ይቆፍሩ። አሁን በበጋው ደግሞ ክትክታውና ደደሆው በአንድ መስመር ተሰልፈው የበቀሉበት ቦታ ካለ ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ያ መስመር የአለቱ ስንጥቅ የሚሄድበት ነው።